የስትሬቸሩ እግር ሳይቆለፍ ሲቀር

ጥያቄ፦ «ሰላም ኢንጂነር። የወረዳ አምቡላንስ ሹፌር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ አድርሰን ስናወርዳት የስትሬቸሩ የራስጌ እግር ሳይቆለፍ ቀረና በጭንቅላቷ በኩል ዘጭ አለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሴትየዋ ደህና ናት፤ በሰላም ተገላግላለች። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ ይፈራል። ስትሬቸሩ ሲገፋ እግሩ የሚታጠፈው፣ በግርጌው ሁለት ቀይ መጨበጫ ያለው ዓይነት ነው። ጋራዥ ወስጄ ግራሶ አስቀባሁት። ወለሉ ላይ የሚይዘው መቆለፊያም ከተሰበረ ቆይቷል፤ በገመድ ነው የምናስረው። ጥፋቱ የኛ ነው የዕቃው? ከዚህ በኋላስ ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ይህን ሳትሸሽግ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። እጅህ መፍራቱም አይገርመኝም። የሕክምና መሣሪያ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከምጠግናቸው ዕቃዎች ሁሉ ሰው በእጁ የሚያነሳው፣ የሚገፋው፣ በሩጫ የሚጠቀምበት ስትሬቸር ነው። ግን ማንም እንደ ማሽን አያየውም። አልጋ ይመስላቸዋል።

መጀመሪያ ስለ እናትየዋ ልናገር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከአዋላጆች ጋር ስሠራ ደጋግሜ የሰማሁት ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ከወደቀች ወይም ክፉኛ ከተናጠች፣ «ደህና ነኝ» ብትልም የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ሊላቀቅ ይችላል። ምልክቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የምትረከባት አዋላጅ እዚያው በር ላይ ይነገራት። «ስናወርዳት በራስጌ በኩል ወድቋል» ማለት ይበቃል። የጽንሱን የልብ ምት ትከታተላለች፣ የደም መፍሰስና የሆድ ሕመም መኖሩን ታያለች። አፍሮ ዝም ማለት ከውድቀቱ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የእናንተን ዓይነት ስትሬቸር ወደ መኪናው ስትገፉት ትንንሾቹ የራስጌ ጎማዎች ወለሉ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ አንደኛው መጨበጫ ይጨመቅና የራስጌው እግር የመኪናውን ጠርዝ ነክቶ ይታጠፋል። ቀጥሎ በሁለተኛው መጨበጫ የግርጌው። ሲወጣ በተቃራኒው ነው። የግርጌው እግር ቀድሞ ይወርዳል፣ የራስጌው መጨረሻ ላይ። እግሩ ቀጥ ሲል አንዲት የብረት ፒን በሞላ ተገፍታ ቀዳዳዋ ውስጥ ትገባለች። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የእሷ ነው። መጨበጫውን ስትጨምቀው ደግሞ በውስጡ ያለው ሽቦ ያችን ፒን ከቀዳዳዋ ይስባታል። የሰው ሕይወት በዚያች ጣት በምታክል ፒን ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

እንግዲህ ፒኗ ያልገባችው ለምንድን ነው? ሳላየው አልፈርድም። ግን ከልምዴ ሦስት ምክንያቶችን አስባለሁ።

የመጀመሪያው እጅ ነው። ሰው ሲደነግጥ የያዘውን አጥብቆ ይይዛል። ስትሬቸሩን ስትስብ እጅህ መጨበጫው ላይ ካለና ጭምቅ አድርገህ ከያዝከው፣ እግሩ ቢወርድም ፒኗ ወደ ቀዳዳዋ መግባት አትችልም። አንተ እየከለከልካት ነው ማለት ነው። ምጥ የያዛት እናት እየጮኸች፣ ቤተሰብ ከኋላ «ቶሎ በሉ!» እያለ ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ስለዚህ ወደ ውጪ ስትስቡ የሚያዘው ቋሚው ብረት ነው። ቀዩን መጨበጫ አትንኩት።

ሁለተኛው መሬቱ ነው። ይህንን ብዙ ሰው አያስበውም፤ እኔ ግን በተለይ ለወረዳ አምቡላንስ ቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። የመኪናው ወለል ከመሬት ያለው ከፍታና የስትሬቸሩ እግር ርዝመት መገጣጠም አለባቸው። ከመኪናው ኋላ ያለው መሬት ከፍ ካለ፣ እግሩ ገና ቀጥ ሳይል መሬት ይነካል። ቀጥ ካላለ ደግሞ አይቆለፍም። ጤና ጣቢያዎቻችን በር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዳገት ወይም የሲሚንቶ መወጣጫ አለ። መኪናው ኋላውን ወደዚያ አስጠግቶ ሲቆም ችግሩ ይፈጠራል። ባሌስትራ ሲደክምም እንዲሁ ነው። ሃርድቶፑ ውስጥ ታካሚዋ፣ ነርሷ፣ እናቷ፣ ባሏና ሁለት ጎረቤት ተቀምጠው የመኪናው ኋላ ምን ያህል እንደሚወርድ አንተ ታውቀዋለህ። ስለዚህ መጀመሪያ አስታማሚዎቹ ይውረዱ። መኪናው ቀና ይላል፤ ለእናንተም መቆሚያ ቦታ ይኖራችኋል። ከመወጣጫው ፈቀቅ ብለህ ሜዳ ላይ ቁም። አሥር ሜትር ስትሬቸር መግፋት እግሩ ሳይቆለፍ ከመቅረቱ በብዙ ይሻላል።

ሦስተኛው መቆለፊያው ራሱ ነው። አቧራና ጭቃ ይሞላበታል። ሞላው ይደክማል። ሽቦው ይላላል ወይም ይነክሳል። የፒኗ ቀዳዳ ከጊዜ ብዛት ይሰፋና ክብነቱን አጥቶ እንቁላል ይመስላል። አንድ ጊዜ ልክ እንዳንተው «አልቆለፍ አለ» ተብሎ የመጣልኝ ስትሬቸር ነበር። ሞላውን ፈታሁ፣ ሽቦውን ፈተሽኩ፣ ምንም የለበትም። በኋላ አንዲት ነርስ ነገሩን አስታወሰች። ታካሚው ጋቢ ለብሶ ነበር። የጋቢው ጫፍ ተንጠልጥሎ በእግሩ መታጠፊያ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምናገረው ነገር ነው። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ብርድ ልብስ፣ የቀበቶ ጫፍ፣ የግሉኮስ ቱቦ፣ ሁሉም ከፍራሹ ጠርዝ በላይ ተጠቅልሎ መቀመጥ አለበት።

ስለ ግራሶው ግን አልደብቅህም፤ አልወደድኩትም። ግራሶ ለመኪና መገጣጠሚያ ጥሩ ነው። በጠጠር መንገድ ለሚሄድ ስትሬቸር ግን አቧራ ይሰበስባል። ሳምንት ሳይሞላው አሸዋ የተቀላቀለበት ሊጥ ይሆናል። ፒኗን የሚያጣብቃትም፣ ቀዳዳውን የሚሞርደውም እሱ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ሌላም አደጋ አለው። አምቡላንስ ውስጥ ኦክስጅን አለ። ዘይትና ግራሶ የኦክስጅን ሲሊንደር አፍና መቆጣጠሪያ ላይ ከደረሰ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ግራሶ በነካ እጅ ሲሊንደር አይከፈትም። ስለዚህ ስትሬቸሩን አውጥታችሁ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ግራሶውን ሙልጭ አድርጋችሁ አጥቡት። በደንብ ሲደርቅ የአምራቹ መመሪያ ዘይት የሚፈልጉ ያላቸውን ቦታዎች ብቻ፣ ጠብታ የሲሊኮን ቅባት ነክታችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። ሲነኩት እጅ የሚያቆሽሽ ከሆነ በዝቷል።

ከዚያ ያለ ሰው ሞክሩት። አራት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሙሉ። 80 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ፍራሹ ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ ደርድራችሁ በቀበቶዎቹ እሰሩት። ሜዳ ላይ አሥር ጊዜ አስገቡ፣ አሥር ጊዜ አውጡ። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ፒኗ መግባቷን በዓይኑ ይይ። አሥሩንም ከቆለፈ መቆለፊያው ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ጥፋቱን በእጅና በመሬቱ ላይ ፈልጉት። ከአሥሩ አንዴ እንኳ ከሳተ፣ ስትሬቸሩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰው አይጫንበትም። «ዘጠኙን እኮ ይዟል» የሚል ክርክር አልቀበልም።

አወራረዱን በተመለከተ አንድ ልማድ ብቻ ያዙ። የራስጌው እግር መቆለፉን በዓይን ሳታዩና በእጅ ሳትፈትሹ ትንንሾቹ ጎማዎች ከወለሉ አይለቁም። እነዚያ ጎማዎች ወለሉ ላይ እስካሉ ድረስ ክብደቱን መኪናው ይዞላችኋል። ከለቀቁ በኋላ የያዘው ያቺ ፒን ብቻ ናት። ስለዚህ ግርጌ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይስባል። ጎን የቆመው ሰው የራስጌው እግር ሲወርድ ያያል፣ እግሩን ወደ ማጠፊያው አቅጣጫ ገፋ አድርጎ ይፈትሻል፣ ከዚያ ጮክ ብሎ «ተቆልፏል!» ይላል። ይህ ቃል ካልተሰማ ግርጌ ያለው ሰው ባለበት ይቆማል። ድምፁን ብቻ አትመኑ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ሰው ይጮሃል። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሌላ ነገርም ሊመጣ ይችላል። አንዳንድ ሞዴል ደግሞ ጎማዎቹ ከመልቀቃቸው በፊት የሚይዝ መንጠቆ በመኪናው ጠርዝ ላይ አለው። የእናንተ መኪና ላይ ካለ አለመጣመሙን እዩ፤ ተነቅሎ ከሆነ መልሱት።

«ሁለት ሰው ከየት ይምጣ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ አንተና አንዲት ነርስ ወይም አዋላጅ ናችሁ። እሷም አንዳንዴ እጇ ታካሚው ላይ ነው። ያን ጊዜ ከአስታማሚዎቹ አንድ ረጋ ያለ ሰው ምረጥ። ዓይኑን እያየህ አንድ ሥራ ብቻ ስጠው። «ወንድሜ፣ እዚህ ብረት ላይ ያዝ፣ ስልህ ብቻ ተንቀሳቀስ፣ ቀይ ነገር አትንካ» በለው። ሌሎቹን ደግሞ በትህትና ራቅ አድርጋቸው። ሕዝባችን ለመርዳት ይሽቀዳደማል፤ ደግነት ነው። ግን ስድስት ሰው በስድስት አቅጣጫ ሲጎትት ስትሬቸር ወደ ጎን ይገለበጣል። በተለይ የጎን መከላከያዎቹን ይዘው እንዳያነሱ ተጠንቀቅ። እነሱ ታካሚው እንዳይንሸራተት የተሠሩ ናቸው እንጂ መሸከሚያ አይደሉም።

እዚህ ላይ ከገጠር ሰዎቻችን የምንማረው አለ። ቃሬዛ ተሸካሚዎችን አይተህ ታውቃለህ። አንዱ ይመራል፣ ትከሻ ሲቀያየሩ ቃል ይሰጣጣሉ፣ ዳገት ላይ የታካሚው ራስጌ ወደ ላይ እንዲሆን ይዞራሉ። ማንም ሳያሠለጥናቸው ነው። እኛ በጎማ የሚሄድ ዕቃ ስናገኝ ያንን መናበብ ረሳነው። በነገራችን ላይ ጭቃና ድንጋይ ባለበት ቦታ ስትሬቸሩን እየጎተታችሁ እስከ ታካሚው ቤት ደጅ አትሂዱ። የስትሬቸር ጎማ ትንሽ ስለሆነ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ይገለበጣል። ታካሚውን በሸራ ቃሬዛ አምጥታችሁ መኪናው አጠገብ ስትሬቸሩ ላይ አሳርፉት። ስትሬቸሩን መግፋት ግድ ከሆነ ከፍታውን የሚያስተካክል ሞዴል ካላችሁ ዝቅ አድርጉት። ቀጥ ብላችሁ በግርጌና በራስጌ ሆናችሁ ግፉት፤ ወደ ጎን አትግፉት። ሰው ተኝቶበት እጃችሁን ለቃችሁ አትሂዱ፤ «አንድ ደቂቃ» ለካርድ ክፍልም ቢሆን።

አሁን ወደ ገመዱ። ከጻፍከው ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። እግሩ ሳይቆለፍ ቢቀር ሰው ከወገብ ከፍታ ይወድቃል። የወለሉ መቆለፊያ ሳይኖር መኪናው ከተጋጨ ግን ማንም አይተርፍ ይሆናል። የአውሮፓው የአምቡላንስ መመዘኛ ኢኤን 1789 ስትሬቸሩና ማሰሪያው የራሳቸውን ክብደት 10 እጥፍ የሚያክል ግፊት እንዲችሉ ይጠይቃል። አስላው። 40 ኪሎ የሚሆን ስትሬቸርና 70 ኪሎ ታካሚ 110 ኪሎ ናቸው። በግጭት ጊዜ ከአንድ ቶን በላይ ሆነው ወደ ፊት ይወረወራሉ። ፊት ያለኸው ደግሞ አንተ ነህ። ገመድ ይህን አይችልም። ቋጠሮው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይላላል፤ ሲላላ ስትሬቸሩ መንደርደሪያ ያገኛል።

ስለዚህ ትክክለኛው መቆለፊያ፣ ለስትሬቸሩ ሞዴል የተሠራው፣ መተካት አለበት። ጋራዥ ሲገጥመው ቪስ ብቻ ጠምዝዞ እንዳይተወው። ቡሎኑ ወለሉን አልፎ መውጣትና ከሥር በወፍራም ብረት መያዝ አለበት። ላሜራው ብቻውን ይቀደዳል። ከመሰርሰሩ በፊትም ከወለሉ ሥር ያለውን ይይ፤ የነዳጅ ታንክና የፍሬን ቱቦ እዚያ ነው ያለው። ዕቃው እስኪመጣ ሌላ አምቡላንስ ከተገኘ ያንኛውን ተጠቀሙ። ካልተገኘና ነፍስ ለማዳን መሄድ ግድ ከሆነ፣ ገመዱን ጥላችሁ የጭነት መኪና የሚጠቀምበትን ባለ ማጥበቂያ ቀበቶ በአራቱም ማዕዘን የስትሬቸሩን ዋና ብረት ከመኪናው አካል ጋር እሰሩ። ዝግ ብለህ ንዳ። ይህ መፍትሔ አይደለም፤ እንደ መፍትሔ እንዳይለመድ እለምንሃለሁ።

ታካሚው ራሱም መታሰር አለበት። ብዙ አምቡላንስ ውስጥ የትከሻ ቀበቶው ፍራሹ ሥር ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ። ታካሚው የሚተኛው ራሱን ወደ ሹፌሩ አድርጎ ነው። ፍሬን ስትይዝ በራሱ አቅጣጫ ይንሸራተታል። ያንን የሚያቆመው የትከሻው ቀበቶ ብቻ ነው። የደረትና የጭን ቀበቶ ብቻውን አይበቃም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ አንዱ ከሆዷ በታች ዳሌዋ ላይ፣ ሌላው ከሆዷ በላይ ይሁን። ሆዷ ላይ ምንም ቀበቶ አይለፍ። ወደ ግራ ጎኗ ዘንበል ብትል ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር አይጫነውም። የኦክስጅን ሲሊንደርንም በታካሚው እግር መሀል አታስቀምጡ። በግጭት ጊዜ የሚወነጨፍ ብረት ነው።

ጥገናውን በተመለከተ ባጭሩ ልንገርህ። ፒስታ መንገድ ቡሎን ይፈታል። በየሳምንቱ ዳዶዎቹን ሁሉ በቁልፍ ፈትሽ። ውስጡ ፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶ አንዴ ከተፈታ በአዲስ ይተካል፤ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይዝም። ጎማውን አንስተህ አሽከርክረው፤ ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋል። ክር ወይም ፀጉር ተጠምጥሞበት ከሆነ አውጣው። ቀበቶው ጠርዙ ከተተለተለ ወይም መቆለፊያው ሲጎትቱት ከተለቀቀ ይጣል፤ በመርፌ አይሰፋም። የብረቱ አካል ስንጥቅ ካለው ደግሞ ለብየዳ አትስጠው። አብዛኛው ስትሬቸር አሉሚኒየም ነው። ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በሙቀት ታክሞ ነው። ብየዳው የነካው ቦታ ይለሰልሳል። ከውጪ ያማረ ይመስላል፤ አንድ ቀን ከአጠገቡ ይሰበራል።

ሲታጠብ ላቫጆ ውስጥ ከመኪናው ጋር ባለ ግፊት ውሃ አይመታ። ውሃው ኩሽኔታውና መቆለፊያው ውስጥ ይገባል። ደም ወይም የሽርት ውሃ ሲፈስበት ጓንት አድርጋችሁ መጀመሪያ ጥረጉት። ከዚያ 0.5 በመቶ የክሎሪን ውሃ ተጠቀሙ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። መቶኛው ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት። 10 ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ። ክሎሪን ሳይለቀለቅ ከቀረ ብረት ይበላል፤ ፒኗንና ሞላውን የሚያዝገው እሱ ነው። ቀበቶዎቹን በሳሙና እጠቡ፤ በረኪና ክሩን ያደክማል። የፍራሹ ቆዳ ከተቀደደ ውስጡ ያለው ስፖንጅ የጠጣውን ደም ማንም ማጽዳት አይችልም። ይቀየር።

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ነው። በቃል «ተበላሽቷል» ማለት የትም አያደርስህም። ከስትሬቸሩ ብረት ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ፈልግ። ሞዴሉ፣ ተከታታይ ቁጥሩና የሚችለው ክብደት እዚያ አለ። የእናንተ ዓይነቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ 160 ኪሎ አካባቢ ነው የሚጻፈው። እነዚህን ጻፍ። እግሩ ሳይቆለፍ የቀረበትን ቀን፣ የወለሉ መቆለፊያ የተሰበረበትን ጊዜ፣ በጄሪካን ያደረጋችሁትን ሙከራ ውጤት ጨምር። አንተና ነርሷ ፈርሙበት። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አስገብታችሁ ቅጂውን በማኅተም ተቀበሉ። በአቅራቢያችሁ ባለው ሆስፒታል የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ጥገና) ክፍል ካለ ሁለተኛ ቅጂ ስጡት፤ ሞላና ሽቦ የመሰለውን ነገር እዚያው ሊቀይሩላችሁ ይችላሉ። መልስ እስኪመጣም ጄሪካኖቹን ሞልታችሁ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሞክሩት፤ ውጤቱን ከመኪናው የጉዞ መዝገብ ጀርባ ላይ ጻፉ።